ፍሪሲዮን እስከ ታች

ሁለተኛ ማርሽ ጮኸ። ወፍጮ ውስጥ ድንጋይ የገባ ይመስል ጮኸ። መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ቀና ብላ አየች። ከፊት የቆመው የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

«ነፍስ ይማር!» አለ።

አሰልጣኙ ጥርሱን ነክሶ ፈገግ አለ። «እማማ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ቢረግጡልኝ።»

«ረግጫለሁ።»

«እስከ ታች ማለቴ ነው።»

«ከዚህ በታች ያለው አስፋልት ነው ልጄ። እሱንም ልርገጥልህ?»

ሌላ ተማሪ ቢሆን ኖሮ እዚያው መንገድ መሐል የስድብ መዓት ይወርድበት ነበር። መሪ የያዙት ግን አማቱ ናቸው። አሰልጣኙ ስድቡን ዋጥ አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ። አማትን ማሰልጠን በሕክምና ካልተፈቀደ በቀር ከደም ግፊት ጋር የሚስማማ ሥራ አይደለም።

ተማሪዎቹ «እስከ ታች» ይሉታል። በሌለበት ብቻ ሳይሆን፣ ሲረሱ በፊቱም ይሉታል። ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአንዲት ነጭ ትንሽ መኪና ግራ ቀኝ ሲዞር ከአፉ ያልተለየ ቃል ነው። ከዚያ በፊት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የተማረው በዱላ ነው፤ አለቃው ማርሽ በጮኸ ቁጥር ጉልበቱን በመፍቻ ይለው ነበር። እሱ ተማሪዎቹን የሚመታው በአፉ ብቻ ስለሆነ ራሱን እንደ ዘመናዊ መምህር ይቆጥራል።

የመጀመሪያ ቀን ትምህርቱ አጭር ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከማርሹ ያላቅቃል። ግማሽ ድረስ ከተረገጠ ግማሽ ብቻ ያላቅቃል፤ የሚሽከረከር ብረት ካልተዘጋጀ ብረት ጋር ይጋጫል፤ ያን ጊዜ ይጮኻል። እዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የራሱ ፍልስፍና ነው። በእስከ ታች እምነት ማርሽ የሚጮኸው በሰውየው ባሕርይ ነው። ሁለተኛ ላይ የሚያስጮኽ ሰው እናቱን የማይሰማ ነው። ሦስተኛ ላይ የሚያስጮኽ ትዳሩ አይጸናም። የኋላ ማርሽ የሚያስጮኽ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ አያውቅም። አንድ የፋርማሲ ሠራተኛ ሦስተኛ ማርሽ ካስጮኸ በኋላ ተጨንቆ ሠርጉን አራዝሟል። እስከ ታች ይህንን በኩራት ያወራል፤ ልጅቷን አትርፌአታለሁ ይላል።

ይህ ፍልስፍና አማት ላይ አይሠራም። ሁለተኛ ላይ ያስጮኻሉ፤ እናታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሦስተኛ ላይ ያስጮኻሉ፤ ትዳራቸው ባላቸው እስኪሞቱ ድረስ ጸንቷል።

አማቱ የወንበር ትራስና መቀመጫ እየሰፉ ይሸጣሉ። ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ከስፌት መኪናው ሌላ የሚታየው ስፖንጅ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጥበት ወንበር ከሚቀርብለት ይልቅ የሚያነሳው ጥቅል ይቀርብለታል። የሰፉትን ለደንበኞች የሚያደርሰው ወንድ ልጃቸው ነው፤ ማድረስ ከተባለ። ጠዋት ሲደወልለት «መንገድ ላይ ነኝ» ይላል፤ ከበስተኋላው የአልጋ ሽቦ ሲንጫጫ ይሰማል። ባላቸው ትተውት የሄዱት ግራጫ ፒክአፕ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ልጁ እሱን አይነዳም። መሸጥ ነው የሚፈልገው።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ልጁ ስለ ሽያጩ ለስንተኛ ጊዜ አነሳ።

«የማይነዳ መኪና ግቢ ውስጥ ምን ያደርጋል? ዶሮ እየፈለፈለበት ነው።»

«እኔ እነዳዋለሁ» አሉ እናት።

ሁሉም ሳቁ። ሴትየዋ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ «መንጃ ፈቃድ እወስዳለሁ። ሦስት ጊዜ ልፈተን። ሦስተኛውን ከወደቅኩ ሽጠው፤ አፌን አልከፍትም» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ባል ዞሩ። «አንተ ነህ የምታስተምረኝ።»

እስከ ታች እንዳይስቅ አፉ ውስጥ ምግብ ነበር። እምቢ እንዳይልም ሚስቱ አጠገቡ ነበረች።

እነሆ ሁለት ጊዜ ተፈትነው ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ሁለቱንም ጊዜ መሪያቸው ጥሩ ነበር፤ መስታወት አይተዋል፤ እግረኛ አሳልፈዋል፤ የጣላቸው ማርሽ ነው። ሦስተኛው ፈተና ሊደርስ አንድ ቀን ቀርቶታል። ልጁ ከወዲሁ የፒክአፑን ሸራ አንስቶ ማጠብ ጀምሯል። በሕይወቱ የሚያጥበው የመጀመሪያ መኪና ነው።

እዚህ ላይ ስለ ምንጣፉ መናገር ያስፈልጋል።

ባለፈው ክረምት እስከ ታች እግሬን ይደነዝዘኛል ብሎ አማቱ ፊት ተነፋረቀ። ሴትየዋ ሰው እግሬን አመመኝ ሲል ዝም የማይሉ ናቸው። በማግስቱ የእግር ምንጣፍ ሰፍተው ላኩለት። ላዩ ከሶፋ የተረፈ ቡናማ ቆዳ፣ ውስጡ ጠንካራው ስፖንጅ፣ ያውም ድርብ። ዳሩ በቢጫ ክር ተዘምዝሟል። እስከ ታች እግሩ ሥር፣ በአሰልጣኙ በኩል፣ አነጠፈው። አማት የሰጡትን መጠቀም ግዴታ ነው፤ እያዩ መጠቀም ደግሞ ብልኃት ነው። ትምህርት በጀመሩ ቀን ሴትየዋ ምንጣፉን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከዚያ ወዲያ ምንጣፉ ከዚያ ቦታ የሚነሳበት ምክንያት አልነበረም።

በእርግጥ ከትምህርት ውጭ ይነሳ ነበር። እስከ ታች መኪናዋን ራሱ ሲነዳ ምንጣፉን ሌባ ወይም አቧራ እንዳያገኘው በጋዜጣ ጠቅልሎ ኋላ ይከተዋል። ጋራዥ ሲሄድ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ያነሳዋል፤ ጋራዥ የሚገባ እግር ሁሉ ግሪስ ነው፤ በግሪስ የተበላሸ የአማት ስጦታ ደግሞ በቤንዚን አይለቅም። ለፈታኙ ግን ይነጠፍለታል። ፈታኙ በፈተና ቀን በአሰልጣኙ ወንበር የሚቀመጥ፣ ቶሎ የሚበርደው፣ ቶሎም የሚቆጣ ሰው ነው። «ይኼ እንኳን ጥሩ ነው» ብሏል እግሩን ዘርግቶ። ከዚያ ሴትየዋን ጣላቸው።

የመኪናዋ ጩኸት የጀመረው ከዚያው ክረምት ወዲህ ነው። እስከ ታች መኪናዋን ወደ ጋራዥ ያልወሰደበት ወር የለም። የጋራዡ ሰው «ሐኪሙ» ይባላል፤ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ። መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት ለወጠ። ቀጥሎ የፍሪሲዮኑን ገመድ አጠበቀ። ቀጥሎ ዲስኩን ቀየረ። በመጨረሻ ማርሾቹን የሚያስማማው ቀለበት አልቆ ይሆናል ብሎ ካምቢዮውን አውርዶ ከፈተው፤ ቀለበቱ እንደ አዲስ ሆኖ ሳቀበት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ከእያንዳንዱ ጥገና በፊትም በኋላም መኪናዋን ሲነዳት ድምጿ የለም።

«ወንድሜ፣ መኪናህ ደህና ናት» አለው።

«ታዲያ ለምን ትጮኻለች?»

«እኔ ጋ አትጮኽም። ምናልባት አንተን ስታይ ይሆናል።»

እስከ ታችም ብቻውን ሲነዳት አትጮኽም። ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ሆነ፤ ጥፋቱ የተማሪው ነው። በዚያ ዓመት ከእሱ እጅ የወደቀው ተማሪ ከዚያ በፊት በሙሉ ከወደቀው ይበልጣል። ሻይ ቤት ተቀምጦ «ትውልዱ እግር የለውም» አለ። ሌሎቹ አሰልጣኞች አንገታቸውን ነቀነቁ። የሰው ተማሪ ሲወድቅ በማንኛውም ምክንያት ይስማማሉ።

ወደ አማቱ እንመለስ። ከቲማቲም ሻጯ ካለፉ በኋላ ሴትየዋ መኪናዋን ዳር አስያዙ።

«ወደ ሐኪሙ ውሰደኝ።»

«ባለፈው ሳምንት እኮ አይቷታል እማማ።»

«እሷን አይቷታል። እኔን አላየኝም።»

ጋራዡ በር ላይ እስከ ታች እንደ ልማዱ ወርዶ ምንጣፉን አራገፈ፣ በጋዜጣ ጠቀለለ፣ ኋላ ከተተ። ሐኪሙ ከአንድ አውቶቡስ ሥር ወጣ።

«ሰውዬ፣ አንተ እዚህ ቤት ብትከራይ አይሻልም?»

«ልጄ» አሉት ሴትየዋ፤ «ና አጠገቤ ተቀመጥና እየነዳሁ ስማኝ።»

ሐኪሙ ልብሱን አይቶ አመነታ፤ ከዚያ በአሰልጣኙ ወንበር ገባ። ጫማው ባዶው ወለል ላይ የዘይት ማኅተም አተመ። ሴትየዋ ሰፈሩን ዞሩት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ተመልሰው ሁለተኛ። የኋላ ማርሽም አስገብተው እንደ ጥንድ በሬ ቀጥ አድርገው ወደ ግቢው አስገቧት። ምንም ድምፅ የለም።

ሐኪሙ ወረደ። «እማማ በቅቤ ነው እንዴ የሚያስገቡት?»

እስከ ታች ደረቱን ነፋ። «አየህ፣ ትምህርት ቀስ ብሎ ነው የሚበስል።»

«አሁን፣ በአንድ ዙር በሰለ?»

«አንዳንዱ እንዲያ ነው።»

ሴትየዋ አልሳቁም፤ መሪውን እንደያዙ ወለሉን እያዩ ነበር። ከጋራዡ ወጡ። በሩ ላይ እስከ ታች ጋዜጣውን ፈትቶ፣ በሐኪሙ ጫማ የተበላሸውን ወለል ጠርጎ፣ ምንጣፉን አንጥፎ ተቀመጠ። ሴትየዋ አንደኛ አስገብተው ተንቀሳቀሱ። ወደ ሁለተኛ ሄዱ።

ክርርርር።

«እማማ፣ ፍሪሲዮኑን...»

«ዝም በል።»

ሴትየዋ ለዚህ አማች ይህን ቃል ተናግረውት አያውቁም።

«ውረድ።»

ወረደ። ብቻቸውን ጥቂት ነዱ። ጮኸ። በዝግታ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ አሁንም ጮኸ። አጠገቡ አቁመው በመስኮት፣ «የሚያስጮኻት አንተ አይደለህም» አሉት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ወንበሩ ላይ ተቀመጥ። በእኔ ቦታ።»

«እማማ፣ ሰው እያየ...»

«ሰው እስከ ዛሬ ሲሰማ ኖሯል፤ ትንሽ ይይ።»

እስከ ታች በተማሪው በኩል ገባ። ሴትየዋ ዞረው የአሰልጣኙን በር ከፍተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ደጃፍ ላይ እንደሚያጎነብስ ሰው አጎነበሱ። የዚህ መኪና ልዩነቱ በሁለቱም በኩል ፔዳል መኖሩ ነው። ሁለቱ ፍሪሲዮኖች በብረት ዘንግ ተያይዘዋል፤ ተማሪው ሲረግጥ የአሰልጣኙም አብሮ ይወርዳል።

«ርገጥ።»

ረገጠ።

«እስከ ታች።»

«ረግጫለሁ።»

«እስከ ታች ነው ያልኩህ!»

«ከዚህ በላይ አይወርድም እኮ እማማ!» አለና ያለውን ራሱ ሰማው።

ሴትየዋ በሁለት ጣታቸው ምንጣፉን ከፔዳሉ ሥር መዘዙት። የእስከ ታች እግር በድንገት ጎድ ብሎ ወረደ። ደረጃ የረሳ ሰው እንደሚወርድ ነው የወረደው። ሴትየዋ ምንጣፉን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ የሰፉት እሳቸው ስለሆኑ ውፍረቱን ለማወቅ ሜትር አላስፈለጋቸውም።

«ድርብ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለእግርህ አዝኜ።»

«እማማ...»

«የወንበሩን ስፖንጅ ነው የከተትኩበት፤ ሰው ሲቀመጥበት እንኳ አይጎደጉድም። ደግሞ ጥሩ ሥራ ነው!» ተናደዱ፤ በራሳቸው ጥሩ ሥራ ተናደዱ።

እስከ ታች መሪውን ይዞ ቀረ። ብልጭ እያለ የመጣበት የሐኪሙ ፊት፣ የሻይ ቤቱ ወንበር፣ ከመኪናው እያለቀሰች የወረደች የባንክ ሠራተኛ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት በሳምንት ሁለት ጊዜ ለተማሪዎቹ ይነግር ነበር።

«እማማ፣ ይኼ ነገር በእኛ መካከል ቢቀር...»

«የፋርማሲው ልጅ ሠርጉን አራዝሟል አላልከኝም?»

«ለሌላም ምክንያት ሊሆን ይችላል።»

«ስማኝ። ነገ ካለፍኩ በዚህ ምንጣፍ የጣልካቸውን ሁሉ ጠርተህ ታስተምራለህ። ካልጠራህ በፒክአፔ ትራስ ባደረስኩበት ቤት ሁሉ እናገራለሁ።»

«ካላለፉስ?»

«ያን ጊዜ መኪና አይኖረኝም። በእግሬ እየዞርኩ እናገራለሁ፤ በእግር ደግሞ ብዙ ቤት ይገባል።»

በማግስቱ የፈተናው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። ተፈታኞቹ በአጥሩ ጥላ ተሰልፈዋል፤ ከመካከላቸው የፋርማሲው ሠራተኛ አለ፤ እሱም ለሁለተኛ ጊዜ ሊፈተን ነው። የሴትየዋ ልጅ መጣ። ብቻውን አልመጣም፤ ኮፍያ ያደረገ ሰው ይዟል፤ ሰውየው ፒክአፑን ግቢ ድረስ ሄዶ አይቷል።

«እንኳን ደህና መጣህ» አሉት ልጃቸውን። «ይኼ ማነው?»

«ወዳጄ ነው።»

«ወዳጅህ የመኪናዬን ጎማ ሲመታ ጎረቤቴ አይታዋለች።»

ባለ ኮፍያው ዞር ብሎ አጥሩን መመርመር ጀመረ።

ተራቸው ደረሰ። ሴትየዋ ምንጣፉን ይዘው መጥተዋል። በተማሪው ወንበር ላይ አነጠፉትና ተቀመጡበት፤ ከመሪው በላይ ከፍ ብለው መንገዱ ጥርት ብሎ ታያቸው። ፈታኙ በሌላኛው በር ገብቶ እግሩ ሥር ተመለከተ።

«ያቺ ምንጣፍ የት ሄደች?»

«ተቀምጬባታለሁ» አሉ ሴትየዋ። «ቁመቴ አጭር ነው።»

ፈታኙ አጉረመረመ። ወለሉ ቆርቆሮ ነው፤ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው። ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን ያበጠ የቆዳ ቦርሳ አወረደና ጠጋ አድርጎ እግሩ ሥር አነጠፈው። ተረከዙን አሳረፈበት። ፔዳሎቹ ከቦርሳው በላይ ተንጠለጠሉ።

ሴትየዋ ከላይ ሆነው አላዩም። መስታወት እያስተካከሉ ነበር። ያየው በመስኮቱ በኩል የቆመው እስከ ታች ነው።

ዝም ማለት ይችላል። ዝም ካለ ማርሹ ይጮኻል፤ ሴትየዋ ይወድቃሉ፤ ፒክአፑ ይሸጣል፤ ጥፋቱም እንደ ድሮው የተማሪዋ ይሆናል። ከተናገረ ደግሞ ከኋላው ተማሪዎቹ ቆመዋል፤ ሌሎቹ አሰልጣኞችም ጆሯቸውን ቀስረው ቆመዋል። ሃያ ዓመት የኖረው ስሙ በአንድ ቦርሳ ላይ ነው። ወደ አማቱ ተመለከተ። መስታወቱን ጨርሰው ሁለቱን እጃቸውን መሪው ላይ አድርገዋል፤ ልክ እሱ እንዳስተማራቸው።

«ጌታዬ» አለ።

«ምንድነው?» አለ ፈታኙ።

«ቦርሳውን ከዚያ ቢያነሱልኝ።»

«ለምን? ምን አደረገህ?»

«ፔዳሉን ያግደዋል። ፍሪሲዮኑ እስከ ታች አይወርድም።»

ፈታኙ አጎንብሶ አየ። ፔዳሉን በእግሩ ጫን አድርጎ ሞከረው። ቦርሳው ላይ አረፈ። ቀስ ብሎ ቀና አለና ሴትየዋ የተቀመጡበትን ምንጣፍ ዳር፣ ቢጫውን ክር፣ አየ።

«ይኼ ችግር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እስከ ታች ከኋላው የቆሙትን ዞር ብሎ አየ።

«ካለፈው ክረምት ጀምሮ» አለ እስከ ታች።

ከጥላው በኩል የፋርማሲው ሠራተኛ ድምፅ ተሰማ። «ካለፈው ምን?»

«ዝም በሉ፣ ፈተና ላይ ነን!» አለ ፈታኙ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ሁለት ጊዜ እግሩን ዘርግቶ ጥሏቸዋል። ቦርሳውን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ይንዱ እናቴ።»

ሴትየዋ ነዱ። አንደኛ። ሁለተኛ። ሜዳው ዳር የቆመው ሰው ሁሉ የመኪና ድምፅ ሳይሆን የድምፅ አለመኖርን ሲያዳምጥ የሐኪሙ ጋራዥ መሰለ። ሦስተኛ። ጥግ ላይ ዞረው የኋላ ማርሽ አስገቡ፤ ለፈተናው በተተከሉት ሁለት እንጨቶች መካከል አቆሙ። ሞተሩን ከማጥፋታቸው በፊት አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ልጃቸውን ፈለጉ።

«ነገ ጠዋት ስድስት ትራስ አለ። ጫኚ ያስፈልገኛል። አልጋህ ላይ ሆነህ መንገድ ላይ ነኝ ብትለኝ መጥቼ እወስድሃለሁ።»

ፈታኙ ወረቀቱ ላይ «አልፈዋል» ብሎ ሲፈርም ባለ ኮፍያው ሰላም ሳይል ሄደ።

እስከ ታች የወደቁ ተማሪዎቹን መጥራት አላስፈለገውም፤ ወሬው ቀድሞት ሰኞ ጠዋት ከማሰልጠኛው በር ላይ ተሰልፈው አገኛቸው። አንድ በአንድ መልሶ አስተማራቸው። ስለ ባሕርያቸው አልተናገረም። የፋርማሲው ሠራተኛ ፈተናውን አልፎ አገባ። የተቀሩትም ሁሉም አለፉ፣ ከአንዱ በስተቀር፤ እሱ በእውነትም ፍሪሲዮን አይረግጥም ነበር።